እማማ ሳሙና፦ ከሆስፒታል ምድር ቤት እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ጓሮ

እናታችን እማማ ሳሙና ከጫማ ሠሪው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ በነበረች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ የዛሬ ሰባ አራት ዓመት ተወለዱ። በመታወቂያቸው ላይ የተጻፈው ስም ሌላ ነው። በዚያ ስም የሚጠራቸው ግን መሥሪያ ቤት ብቻ ስለነበር፣ አንድ ጊዜ ሐኪም ቤት ወረፋ ይዘው ስማቸው ሦስት ጊዜ ሲጠራ፣ "ይቺ ሴትዮ የት ሄደች? ተራዋ እኮ አለፈ" እያሉ ከሌሎቹ ጋር ሆነው ራሳቸውን ሲፈልጉ ነበር። ስለዚህ እኛም ዛሬ ሁላችሁም በምታውቁት ስም እንጠራቸዋለን።

ቤቲቱ ባለ ሁለት ክፍል ትባል እንጂ አንደኛው ክፍል የአባታቸው መሥሪያ ስለነበር ቤተሰቡ የሚኖረው በአንዱ ነበር። ባቡር ባለፈ ቁጥር ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት የእንጨት የጫማ ቅርጾች እርስ በርሳቸው ይንኳኳሉ። የእናታቸው የስፌት መኪና መስኮቱ ሥር ነበረች፤ እማማ ሳሙና ፊደል የቆጠሩት እዚያች መኪና አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ነው። ስድስት ዓመት ሲሆናቸው ብቸኛ ወንድማቸው ተወለደ። አሥራ አራት ዓመት ሲሆናቸው እናታቸው በአጭር ሕመም አረፉ። ቀብሩ ሰኞ ነበር፤ ረቡዕ ጠዋት እማማ ሳሙና ወንድማቸውን ፊቱን አጥበው፣ ሸሚዙን ተኩሰው፣ እጁን ይዘው ትምህርት ቤት አደረሱት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህትም እናትም ሆኑለት። እሳቸው ስምንተኛ ክፍልን በቀን ተምረው ጨረሱ፤ የቀረውን በማታው ክፍለ ጊዜ አጠናቀቁ።

በአሥራ ስምንት ዓመታቸው በከተማው ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ተቀጠሩ። ክፍሉ ምድር ቤት ነው። መስኮቶቹ ከእግረኛ መንገዱ እኩል ስለሆኑ ከውስጥ የሚታየው የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነበር፤ የጫማ ሠሪ ልጅ ናቸውና የትኛው ዶክተር እንደሚያልፍ በተረከዙ አበላል ለይተው ይናገሩ ነበር። መጀመሪያ እርጥብ አንሶላ በጋሪ ይገፉ ነበር። በሁለተኛው ዓመት መደባቸው "ልብስ ተኳሽ" ሆነ፤ አባታቸውም ለጎረቤቱ "ልጄ ተኳሽ ሆናለች" እያሉ፣ ሰው እስኪደነግጥ ጠብቀው፣ "የአንሶላ" ይሉ ነበር። በመጨረሻ የክፍሉ ኃላፊ ሆኑ። በዚያ ምድር ቤት ሠላሳ ሰባት ዓመት ሠሩ። ደም ያለበትን ልብስ ሙቅ ውሃ ውስጥ የከተተ አዲስ ሠራተኛ እሳቸው ፊት ሁለተኛ አይደግመውም። ከየዋርዱ ሳሙና ያለቀባቸው ነርሶች የሚወርዱት ወደ እሳቸው ነበር፤ ሳሙና የትም ቢጠፋ ከሽርጣቸው ኪስ አይጠፋምና። መጀመሪያ "ሳሙና" ብቻ ነበሩ፤ ፀጉራቸው ሲሸብት "እማማ" ተጨመረበት።

በሃያ አራት ዓመታቸው ከሆስፒታሉ የቦይለር ቴክኒሻን ጋር ትዳር መሠረቱ። አባታችን ወደዚያ ምድር ቤት መጀመሪያ የወረዱት አንድ የሚያፈስ የእንፋሎት ቧንቧ ሊሠሩ ነው። ቧንቧው በዚያው ቀን ተሠራ። ይሁን እንጂ ሁለት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ እየመጡ "እስቲ ልፈትሸው" ማለት አላቆሙም። በአሥራ አምስተኛው ቀን እናታችን መፍቻውን ከእጃቸው ተቀበሉና፣ "ቧንቧው ደህና ነው። የምታፈሰው አንተ ነህ። የፈለግኸውን በግልጽ ተናገር" አሏቸው። አባታችን የተናገሩትን እስከ ዕለተ ሞታቸው ሊነግሩን ፈቃደኛ አልነበሩም፤ ብቻ በስድስት ወር ውስጥ ተጋቡ። ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወልደው፣ አስተምረው፣ ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል።

አሁን ስለ ወንድማቸው መናገር ግድ ነው። ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ አጎታችን፣ "አንድም ነገር እንዳትደብቁ፤ እኔንም አንቱ እንዳትሉኝ፤ ዛሬ አንቱታው ለእሷ ይሁን" ስላለን ቃሉን ጠብቀናል።

ወንድማቸው እጁ የተባረከ የማስታወቂያ ጽሑፍ ሠሪ ነበር። በዚህ ከተማ ዋና መንገድ ላይ ካሉት የሱቅ ስሞች አብዛኞቹን የጻፈው እሱ ነው። መጠጡ መጀመሪያ ከሥራ በኋላ ነበር፤ ቀጥሎ ከሥራ በፊት ሆነ፤ በመጨረሻም በሥራው ቦታ ገባ። ደንበኞቹ ሸሹት፤ የተከራየውን ክፍል ለቀቀ፤ እማማ ሳሙና ቤትም መጥቶ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። እናታችን ለመኑት፣ ተቆጡት፣ አለቀሱበት። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለሱ የእናታቸው የስፌት መኪና ከመስኮቱ ሥር የለችም።

"መኪናዋስ?" አሉት።

"ሸጥኳት፤ ... እመልሳታለሁ" አለ፤ ቀና ብሎ አላያቸውም።

"ውጣ። ሁለተኛ ይህን ደጃፍ እንዳትረግጥ።"

ወጣ። አራት ዓመትም የት እንዳለ ሳይታወቅ ቆየ። እናታችን ስለዚያ ቀን ሲናገሩ ሁልጊዜ አንድ ቃል ነበራቸው፦ "በሩን መዝጋቴ ልክ ነበር፤ ሦስት ልጆች ነበሩኝ። ጥፋቴ፣ ከዘጋሁ በኋላ የት አደረ ብዬ አለመጠየቄ ነው።"

ሃምሳ አራት ዓመት ሲሆናቸው፣ አንድ ቀን ከሥራ ወጥተው በአውቶቡስ መናኸሪያው በኩል ሲያልፉ፣ ካርቶን ላይ የተቀመጠ ጢማም ሰው አዩ። ፊቱን አላወቁትም። ያወቁት የኮቱን ኮሌታ ነው፤ ባረጀ ጊዜ ገልብጠው በእጃቸው የሰፉት እሳቸው ነበሩና የገዛ ስፌታቸውን አልሳቱም። ሰውየው ግን አስቀድሞ አይቷቸው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር። እናታችን ቦርሳቸውን አስቀምጠው ካርቶኑ ላይ አጠገቡ ቁጭ አሉ።

"እህቴ፣ አትጠጊኝ፤ እሸታለሁ" አላቸው።

"ሠላሳ ስድስት ዓመት የሆስፒታል አንሶላ ያጠበች ሴት ናት ሽታ የምትፈራው? ይልቅ በላህ ወይ?"

"ምግብስ አላጣሁም። ሰው ይሰጠኛል፤ ቤተ ክርስቲያኑም በር ላይ ዳቦ አለ። የምታጠብበት ነው የጠፋኝ። ሳልታጠብ ክሊኒክ ብሄድ ዘበኛው አያስገባኝም። ሥራ ልጠይቅ ብሄድ ገና ከበሩ ያባርሩኛል። አውቶቡስ ላይ እንኳ ሰው ከአጠገቤ ይነሳል። መጠጡን ብተወው ራሱ፣ እንዲህ ሆኜ ወዴት እሄዳለሁ?"

ያን ዕለት ይዘውት ወደ ቤት ሄዱ። አባታችን ውሃ አሞቁ። ገላውን ሲታጠብ ውሃው ሦስት ጊዜ ተቀየረ። አዳሩን ቤት ሆኖ፣ በማግስቱ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ተመልሶ ወጣ፤ መጠጡ ገና ይዞት ነበር። እናታችን አላባረሩትም፤ ግድ ኑር ብለውም አልያዙት። የያዛቸው ሌላ ሐሳብ ነበር። በየእሑዱ የሚሳለሙት ቤተ ክርስቲያን ከጀርባው ትልቅ አዳራሽ አለው። ያ አዳራሽ በሳምንት ስድስት ቀን ተቆልፎ ይውላል። ጓሮው ውስጥ የውሃ መስመር አለ። እማማ ሳሙና ይህንን ሦስት ነገር አንድ ላይ ያሰቡ ቀን፣ አባታችን እንደሚሉት፣ እራት ሳይበሉ በሁለት እጃቸው ጠረጴዛው ላይ የቧንቧ መስመር ሲያሰምሩ አመሹ።

በከተማችን በዚያን ጊዜ ሱስን ለመተው ለሚታገሉ ሰዎች የቆመ አንድ ትንሽ ማኅበር ነበር። ማኅበሩ ማለት የጤና ጣቢያዋ ነርስና ከመጠጥ አምስት ዓመት የራቀች አንዲት ፀጉር ሠሪ ነበሩ። ሌላ ቦታ ስላልነበራቸው የሚሰበሰቡት ሰኞ ሰኞ፣ ፀጉር ቤቱ ዝግ ሲሆን፣ በፀጉር ማድረቂያዎቹ መሐል ነበር። እናታችን ሄደው ተዋወቋቸው። "እናንተ ዕውቀቱ አላችሁ፤ ቤተ ክርስቲያናችን ክፍሉ አለው። እኔ ማጠብ እችላለሁ" አሏቸው። ቀጥሎም ሦስቱ አብረው በቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ ፊት ቀረቡ።

የጉባኤው ሊቀመንበር ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ነበሩ። "ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ግን እነዚህ ሰዎች ገብተው ቢሰርቁንስ?" ሲሉ ጠየቁ።

"መምህር፣" አሉ እናታችን፣ "እዚያ ጓሮ ውስጥ ያለው እግሩ የተሰበረ አግዳሚ ወንበር ነው። እሱን የሚሰርቅልን ከተገኘማ እኔ ራሴ አሸክመዋለሁ።"

አስተዳዳሪው አባ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑና "ስድስት ወር እንሞክረው" አሉ። መምህሩ "ተቃውሞዬ በቃለ ጉባኤው ይመዝገብልኝ" ብለው አስመዘገቡ።

ሥራው አራት ወር ፈጀ። አባታችን ሆስፒታሉ የጣለውን አሮጌ ቦይለር ጠይቀው ወስደው እንደገና አስነሱት። ከምእመናኑ አንድ ሸክላ አንጣፊና አንድ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቅዳሜ ቅዳሜን ሰጡ። ሦስት ሻወር፣ ሁለት የልብስ ማጠቢያ መኪናና ሃያ ክንድ የማድረቂያ ገመድ ቆመ። እማማ ሳሙና ጡረታ በወጡ በሳምንቱ፣ ሰኞ ጠዋት፣ አሥራ ሰባት ፎጣ ሰቅለው በሩን ከፈቱ።

ማንም አልመጣም።

እስከ ረፋድ ጠበቁ። ከዚያም አንዱን ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወደ መናኸሪያው ወረዱ። መጀመሪያ ያገኙት የቀድሞ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ሲያወሩ ቀኝ እጃቸው ሁልጊዜ ማርሽ የሚቀይር ስለሚመስል ሰው "ጋሽ ካምቢዮ" ይላቸዋል።

"ሙቅ ውሃ አለ፤ ይምጡ" አሏቸው እናታችን።

"ከታጠብኩ በኋላስ ስብከት አለው?"

"የለውም። ስብከት እሑድ ነው፤ እሱም ለሚፈልግ።"

"ጸሎትስ?"

"እጸልያለሁ፤ ውሃው ቶሎ እንዳያልቅ።"

ጋሽ ካምቢዮ መጡ። አንድ ሰዓት ሙሉ ከሻወር አልወጡም፤ የቦይለሩን ውሃ ብቻቸውን ጨረሱት። ሲወጡ መስታወቱ ፊት ቆመው "ይሄ ሰውዬ አርጅቷል እኮ!" አሉ። በማግስቱ አሥራ አንድ ሰው ይዘው መጡ። በወሩ መጨረሻ ፎጣው አልበቃ አለ።

እናታችን በዚያ ጓሮ ውስጥ ለማንም ሰው "ሱስህን ተው" ብለው አያውቁም። "ሻወሩ በስተግራ ነው። ነርሷ ማክሰኞ ትመጣለች። ውይይቱ ረቡዕ ነው" ይሉና ልብሱን ተቀብለው ይሄዳሉ። ጠጥቶ የመጣ ይታጠባል፤ መጠጥ ይዞ የመጣ ግን ጠርሙሱን በር ላይ ያስቀምጣል። ማክሰኞ ነርሷ ቁስል ታክማለች፤ ወደ ማገገሚያ ክፍል መግባት የሚፈልገውን ትመዘግባለች። ረቡዕ ፀጉር ሠሪዋ አዳራሹ ውስጥ ወንበሮቹን በክብ ትደረድራለች፤ መጀመሪያ ስለ ራሷ ትናገራለች፤ ከዚያ የፈለገ ይናገራል። ሰው "ቤተ ክርስቲያናችሁ ጥሩ ሥራ ጀመረ" ሲላቸው እናታችን "ሥራውማ ተጀምሮ ነበር፤ እኛ በር ከፈትንለት እንጂ" ብለው ያርሙ ነበር።

ወንድማቸውም ረቡዕ ረቡዕ መምጣት ጀመረ። በሦስተኛው ዓመት መጠጥ ሳይቀምስ አምስት ወር ቆየ። የአዳራሹን ግድግዳ ቀባ፤ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ተሰጠው። እናታችን በዚያ ሰሞን ከልብስ ማጠቢያ መኪናው ድምፅ በላይ ያዜሙ እንደነበር የሰማ ሁሉ ያስታውሳል።

በዚያው ሰሞን ግን የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ከነማይክራፎኑ ከዕቃ ቤቱ ጠፋ። ነገሩ የመጣው በክፉ ሰዓት ነው፤ ጎረቤቶች "ሰፈራችን የሰካራም መሰብሰቢያ ሆነ" ብለው የፈረሙት ማመልከቻ በዚያው ሳምንት ለጉባኤው ገብቶ ነበር። ወንድማቸውም ለሁለት ቀን ሳይታይ ቀረ። እናታችን ፍለጋ ወጡ፤ መናኸሪያው ጀርባ ሰክሮ አገኙት። ምንም ሳይጠይቁት፣ "እኔ ነኝ" አላቸው።

ጉባኤው ቅዳሜ ከሰዓት ተሰበሰበ። መምህሩ ማመልከቻውን አነበቡና፣ "ድምፅ ማጉያውን የወሰደው ሰው እስኪታወቅ ድረስ የጓሮው በር ይዘጋ" የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ብዙ ራስ ተነቀነቀ። እናታችን ኋላ ወንበር ላይ ነበሩ። ዝም ቢሉ ወንድማቸውን የሚያውቅበት የለም፤ በሩ ግን ይዘጋል። ቢናገሩ በሩ ሊተርፍ ይችላል፤ ወንድማቸው ግን ዳግመኛ ላይመለስ ነው። ለአባታችን በኋላ እንደነገሯቸው፣ በዚያች ቅጽበት የታያቸው ፊት የወንድማቸው አልነበረም፤ ያን ጠዋት ታጥባ፣ ፀጉሯን አበጥራ፣ አራት ዓመት ያላየቻትን ልጇን ልትጠይቅ የሄደች አንዲት ሴት ነበረች። የፊተኛውን ወንበር ጀርባ ይዘው ተነሡ።

"መምህር፣ የወሰደው ይታወቃል። ወንድሜ ነው።"

ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ዞሮ አያቸው።

"ቁልፉን እንዲይዝ የጠየቅኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ጥፋቱ የሁለታችን ነው። እሱን የምታደርጉትን አድርጉ፤ ፖሊስም ቢሆን አልከራከርም። ግን ዛሬ ጠዋት እዚያ ጓሮ አርባ ስድስት ሰው ታጥቧል። አንድ ሰው ሰረቀን፤ እሱም የእኔ ሥጋ ነው። አርባ ስድስቱ ምን አደረጉን?"

አባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እኔ የምለው አንድ ነገር አለኝ። ያለፈው እሑድ ያለ ድምፅ ማጉያ አስተማርኩ። ኋላ የሚቀመጠው ሕዝብ ሁሉ፣ ስብከቱ እንዲሰማው ብሎ፣ ወደ ፊት መጥቶ ተቀመጠ። በሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎቴ ይህን ማድረግ አቅቶኝ ነበር።"

ሳቅ ሆነ፤ ሳቁም የሰውን ትከሻ አላላው። ድምፅ ተሰጠ፤ ሰባት ለአራት በሩ ክፍት ሆኖ እንዲቀጥል ተወሰነ። ጎረቤቶችን ሁለት ሰዎች ሄደው እንዲያነጋግሩ፣ ጓሮውም በሰዓቱ ተከፍቶ በሰዓቱ እንዲዘጋ ተስማሙ። መምህሩ አሁንም ከአራቱ አንዱ ነበሩ።

ሰኞ ጠዋት ግን መምህሩ መነጽራቸውንና ብዕራቸውን ይዘው ጓሮው በር ላይ ቆመው ተገኙ።

"ተቃውሜያለሁ" አሉ። "ጉባኤው ግን ወስኗል፤ ሊቀመንበሩ ደግሞ እኔ ነኝ። ምን ልሥራ?"

"ፎጣ ማጠፍ ይችላሉ?"

"አልችልም።"

"ማመልከቻ መጻፍስ?"

"እሱን ተዉት ለኔ!"

ከዚያ ቀን ጀምሮ መምህሩ የአዳራሹ ጥግ ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው መታወቂያ ለጠፋበት፣ የልደት ማስረጃ ለሌለው፣ ከቤተሰቡ ለተጠፋፋ ሁሉ ደብዳቤ ጻፉ። መሥሪያ ቤት ላይ የሚያንገላታ ጸሐፊ ሲያጋጥም ራሳቸው ተነሥተው ይሄዳሉ፤ ከጸሐፊዎቹ ብዙዎቹ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ስለነበሩ ገና በሩን ሲከፍቱ ብድግ ይሉላቸው ነበር። በእሳቸው እጅ መታወቂያ ያወጣው ሰው ከሁለት መቶ በላይ ነው። ዛሬም እፊታችን ተቀምጠዋል፤ ዕድሜ ይስጣቸው።

ወንድማቸው ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ለስምንት ወር ከከተማው ጠፋ። እናታችን በነዚያ ወራት ከስተው ነበር፤ ሥራቸውን ግን አንድም ቀን አላጓደሉም። ዜማውን ብቻ ተዉት። በስምንተኛው ወር፣ ረፋድ ላይ፣ አንሶላ ሲያሰጡ ከገመዱ ማዶ የሰው ጫማ አዩ። የተወለወለ ጫማ ነው። አንሶላውን ገለጥ ሲያደርጉ ወንድማቸው ቆሟል። ፀጉር ሠሪዋ አድራሻውን በሰጠችው፣ በሌላ ከተማ ባለ የማገገሚያ ቤት ገብቶ ነበር።

"በጉባኤው ፊት ስሜን አነሳሽ አሉ" አላቸው።

"አነሳሁ።"

"ሰምቼ መጀመሪያ ልሞት ነበር። ኋላ ሳስበው ግን የምደብቀው ነገር አለቀብኝ። ሰው ሁሉ ካወቀ ለማን ብዬ ነው የምዋሸው? በዚያው ሳምንት ሄጄ በር አንኳኳሁ።"

እናታችን ገመዱን አለፉ። አንሶላውን ጥለው አቀፉት። ያን አንሶላ እንደገና ማጠብ ነበረባቸው። ወንድማቸው ከዚያ ወዲህ እስከ ዛሬ አሥራ አምስት ዓመት መጠጥ አልቀመሰም። ለጉባኤውም ቀርቦ ይቅርታ ጠየቀ፤ ቅጣቱም የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ከዳር እስከ ዳር መቀባት ሆነ። አጥሩ ረጅም ነው፤ አባ ሆን ብለው ነው የመረጡት ይባላል።

እማማ ሳሙና ስድሳ አንድ ዓመት ሲሆናቸው ቤተ ክርስቲያኑ ባዶውን የቆየውን የአስተዳዳሪ መኖሪያ ቤት ለማኅበሩ ለቀቀ። ምእመናን አድሰውት ባለ አሥራ ሁለት ክፍል መኖሪያ ሆነ፤ ከመንገድ ተነሥቶ ከሱስ ለሚያገግም ሰው የራሱ ክፍል፣ የራሱ ቁልፍ። የመጀመሪያው ገቢ ጋሽ ካምቢዮ ነበሩ። አንድ ሳምንት ሙሉ አልጋውን ትተው ወለል ላይ ተኙ። እናታችን አልጋውን በእጃቸው ደብደብ አድርገው፣ "ጋሽ ካምቢዮ፣ አይነክስዎትም እኮ፤ ደግሞ አንሶላውን የተኮስኩት ወለል ላይ ለሚተኛ ሰው አይደለም" ካሏቸው በኋላ ነው አልጋ ላይ የወጡት። ዛሬ የቤቱ ተጠሪ እሳቸው ናቸው። በእነዚያ ክፍሎች እስካሁን መቶ አርባ ያህል ሰው አልፏል። አብዛኞቹ ዛሬ የራሳቸው ቤትና የራሳቸው ሥራ አላቸው።

ሁሉም አልዳነም፤ እናታችን እንዲህ ያለውን ነገር ሸፋፍነን ብንናገር አይወዱም። ወጥተው ያልተመለሱ አሉ። ዘመድ ሳይገኝላቸው ያረፉም አሉ፤ ለእነሱ የመጨረሻውን ልብስ ያጠቡትና የተኮሱት እማማ ሳሙና ናቸው። ያን ቀን ማንንም አያናግሩም ነበር። በማግስቱ ጠዋት ግን በሩን ይከፍታሉ።

አባታችን ከስምንት ዓመት በፊት አረፉ። እናታችን ከዚያ ወዲህ ቦይለሩን ራሳቸው ይፈትሹ ጀመር፤ ደህና ሆኖም ሳለ በየቀኑ።

ላለፉት ሁለት ዓመታት የልብ ድካም ሕመም ያዛቸው። ሐኪም ዕቃ እንዳያነሡ ከለከላቸው። እሳቸውም ትእዛዙን አከበሩ፤ ወንበር አስወጥተው ገመዱ ሥር ተቀምጠው ሌላውን ሰው ማዘዝ ጀመሩ። ያለፈው ወር ሆስፒታል ሲተኙ፣ ገና በገቡበት ቀን አንሶላውን በጣታቸው አሸት አድርገው ነርሷን፣ "የኔ ልጅ፣ ይሄ በደንብ አልተለቃለቀም፤ እታች ውረጂና እኔ እንዳልኩሽ ንገሪያቸው" አሏት። ነርሷ ወርዳ ተናገረች። በማግስቱ ሦስት የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠራተኞች፣ ሦስቱም ያሠለጠኗቸው፣ ይቅርታ ሊጠይቁና ሊጠይቋቸው ወጡ።

በመጨረሻዎቹ ቀናት ሙሉ አእምሮ ነበራቸው። ልጆቻቸውን አንድ በአንድ መረቁ። ወንድማቸው እግራቸውን በለብ ያለ ውሃ ሲያጥብላቸው "እጅህ ለስልሷል፤ ቀለሙን ትተኸዋል እንዴ?" ብለው ጠየቁት፤ "አልተውኩም" ሲላቸው ደስ አላቸው። ስለ ቀብራቸው የሰጡት ትእዛዝ አንድ ብቻ ነው፦ "ከሰዓት ይሁን። ጠዋት ሰው ይታጠባል።" ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ ነርሷ ጓሮው ውስጥ ሥራዋን በጀመረችበት ሰዓት ገደማ፣ ልጆቻቸውና ወንድማቸው በተገኙበት በሰላም አረፉ።

እማማ ሳሙና የሦስት ልጆች እናት፣ የሰባት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው፣ ብቸኛ ወንድማቸው፣ ነርሷና ፀጉር ሠሪዋ፣ ጋሽ ካምቢዮና የአሥራ ሁለቱ ክፍል ቤተሰብ፣ መምህሩና አባ በሐዘን ይሸኟቸዋል። ከእነዚህም ጋር፣ ስማችሁ በዚህ ወረቀት ላይ ያልሰፈረ፣ ነገር ግን ዛሬ ጠዋት ጓሮው ሲከፈት ወረፋ ይዛችሁ ታጥባችሁ የመጣችሁ፣ ፀጉራችሁ ገና ያልደረቀ ሃምሳ ሁለት ሰዎች አላችሁ። ቤተሰቡ እናንተንም ከሐዘንተኞቹ ቆጥሯችኋል፤ እባካችሁ ከቤተሰቡ ጋር ፊት ለፊት ተቀመጡ።

ለደከመ ሰው ውሃ ማቅረብን የማይረሳ አምላክ፣ የእናታችንን ነፍስ በንጹሓን ማኅበር ያሳርፍልን። ለቀረነውም ነገ ጠዋት በሩን የምንከፍትበትን ብርታት ይስጠን። አሜን።